ገቢ የተደረገ ቫይረስ

አምቦ በሠራሁባቸው ዓመታት በሙያዬ የጠራኝ ሰው ትዝ አይለኝም። "የኮምፒውተሯ" ነበር ስሜ። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ "የኮምፒውተሯን ጥሯት" ይባላል። የኃላፊው ስልክ ቻርጅ አልይዝ ሲል የኮምፒውተሯ ትጠራለች። አንድ ቀን የስብሰባ አዳራሹ የግድግዳ ሰዓት ሲቆም ባትሪ ይዤ ወንበር ላይ የወጣሁት እኔው ነኝ። አያናድደኝም ነበር ብል ውሸት ነው፤ በጣም ያናድደኝ ነበር። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለዚያ ንዴት አይደለም። ያ ንዴት ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው።

መሥሪያ ቤታችን የአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ነበር። ጌዶ፣ ሸነንና ሌሎች የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ውስጥ በሥሩ ትንንሽ ጽሕፈት ቤቶች ነበሩት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የኢንተርኔት መስመር ዛሬ አለ ነገ የለም ስለሆነ፣ ደብዳቤ መንገድ ላይ እንዳይቀር ተብሎ የራሳችን የኢሜይል ሰርቨር ተሰጠን። ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚላክ ኢሜይል በሙሉ መጀመሪያ እሱ ላይ ያርፋል፤ እኛ እናየዋለን፤ ከዚያ ወደየወረዳው ይሄዳል። ወረዳዎቹም ሪፖርታቸውን የሚልኩት በእሱ በኩል ነው። ይህ ሁሉ የሚያልፍበት ማሽን የተቀመጠበትን ክፍል ያየ ሰው ግን ያዝናል። እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች፣ ከጥቅም ውጪ የሆኑ የጽሕፈት መኪናዎች፣ ለምን እንደሚቀመጡ የማይታወቅ የድሮ ባነሮች ተከምረውበታል። "ቦታ እስኪገኝ" ተብሎ ነው እዚያ የገባው። ቦታ ሳይገኝ ዓመታት አለፉ።

የእኔ ሥራ ያንን ማሽን ከቫይረስ መጠበቅ ነበር። በውሌ ላይ የተጻፈው እሱ ነው። ውል የምለው በየዓመቱ የሚታደስ ኮንትራት ላይ ስለነበርኩ ነው፤ ቋሚ ለመሆን ስጠብቅ ስንት ዓመት ሞላኝ። አንቲቫይረስ በየጊዜው ካልታደሰ ባዶ ስም ነው፤ አዲስ የወጣውን ቫይረስ ቢያየውም አያውቀውም። እኛ ዘንድ ደግሞ ኢንተርኔት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ድርግም ይል ነበር። ያኔ "እንዴት እያደረግሽ ነው?" ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ አንዲት ጓደኛዬ ቢሮ ቁጭ ብዬ የሳምንቱን ማደሻ በፍላሽ አወርዳለሁ፤ እሁድ እመለሳለሁ። መንገድ ተዘግቶ ሆለታ ያደርኩበት ጊዜም አለ። ሰኞ ጠዋት ማደሻውን ከማሽን ማሽን እየዞርኩ ስጭን፣ ኃላፊው "የኔ ኮምፒውተር ለምንድነው የሚንቀራፈፈው?" ብሎ ይቆጣኛል።

ስለ ኃላፊው አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። እዚህ ወረቀት ላይ ግን "እሳቸው" ልለው ብል እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።

እትዬ ግን እሳቸው ናቸው። እትዬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን ነበሩ፤ ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፣ ሁላችንም እትዬ ብቻ ነበር የምንላቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ደብዳቤ ሲቀበሉና ሲያከፋፍሉ ኖረዋል። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት እንኳ አልቀራቸውም ነበር። በአንድ ነገር ብቻ ነው የሚኮሩት፤ በእጃቸው ገብቶ የጠፋ ደብዳቤ የለም። የግል ማኅደራቸው ውስጥ አንዲት የማስጠንቀቂያ ወረቀት የለችም። "ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ ለማለት፤ "በንጹሕ ገባሁ፣ በንጹሕ ልውጣ። ጌታን ሌላ ምን ልለምነው?" ከጡረታው ጋር ይዘውት ሊወጡ የሚፈልጉት ያንን ንጹሕ ማኅደር ነበር።

እትዬ ሕግ ነበራቸው። ወደ መሥሪያ ቤቱ የመጣ ደብዳቤ ይከፈታል፣ ይነበባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ "ገቢ" የሚል ማህተም ይመታበታል። ከዚያ ለኃላፊው ይቀርባል። ኃላፊው ጠርዙ ላይ ጽፎ ይመራዋል፤ ለተመራለትም ይደርሳል። ኢሜይል የሚባል ነገር ሲመጣ ይህ ሕግ አልተቀየረም። ኢሜይሉን ይከፍታሉ፣ አባሪውን ይከፍታሉ፣ ሁለቱንም ፕሪንት አድርገው ገቢ ያደርጋሉ። አንድ ቀን መዝገቡን ሳገላብጥ "ሎተሪ ደርሶዎታል" የሚል የአጭበርባሪ ኢሜይል ታትሞ፣ ማህተም ተመትቶበት አገኘሁ። ጉዳዩ በሚለው ዓምድ ሥር "ስለ ሽልማት" ተብሎ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ተጽፏል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ደሜ ፈላ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ደብዳቤ አይደለም። የሌባ ወረቀት ነው። የማያውቁት ሲመጣ አይክፈቱት" አልኳቸው።

"ሳልከፍተው ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?"

"ምንም ይሁን፤ ያጥፉት።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ደብዳቤ ላጥፋ? እኔ?"

እንዲህ ሲሉኝ የተናገርኩት ነገር ነውር መሰለኝ። በእኔ ሙያ ማጥፋት ማለት አንድ ቁልፍ መጫን ነው። በእሳቸው ሙያ ማጥፋት ማለት ጥፋት ነው፤ ሰው ከሥራ የሚባረርበት፣ አንዳንዴም የሚታሰርበት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ላለማጥፋት የኖሩትን ሴት በአንድ ጠዋት አጥፉ አልኳቸው። ያኔ ግን ይህ ሁሉ አልታየኝም። ግትር ናቸው ብዬ ተናደድኩባቸው፣ ለጓደኛዬም ስልክ ደውዬ አማኋቸው።

ስለዚህ ሰዎቹን መለወጥ ትቼ ሰርቨሩ ላይ ማቆያ አበጀሁ። ቫይረስ ሊሸከም የሚችል ፋይል ያለበት ኢሜይል ሲመጣ በቀጥታ ወደ ሰው አይሄድም፤ እዚያ ይቆያል፤ እኔ ጠዋትና ከሰዓት አይቼ ንጹሑን አሳልፋለሁ፣ የተበላሸውን አስቀራለሁ። የኮሮናው ጊዜ ገና ከሰው አፍ አልወጣም ነበርና ቢሮው ውስጥ "ለይቶ ማቆያው" የሚል ስም ወጣለት። ቀልዱ ደስ ብሎኝ ነበር። ማቆያው በየሳምንቱ የሆነ ነገር ይይዝ ነበር። ከማንም በላይ የተደሰቱት እትዬ ናቸው። "አንቺ አጣርተሽ ከሰጠሽኝ እኔ ምን ከፋኝ፣ ገቢ ማድረግ ነው" አሉኝ። እሳቸው ምንም አያጠፉም፣ እኔም አልሰጋም። ለጥቂት ወራት ሥራዬን የሠራሁ መሰለኝ።

አንድ ዓርብ አመሻሽ፣ ሁላችንም ከወጣን በኋላ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የስልጠና ጥሪ ተላከ። ስልጠናው አዳማ ነው፤ የሚጀምረው ሰኞ ጠዋት። ደብዳቤው በዚፕ ታሽጎ የተላከ፣ ውስጡ ከውጭ የማይታይ ፋይል ስለነበር ማቆያው ያዘው። ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አይቼ አሳለፍኩት። ያኔ ግን የሌሎች ቅርንጫፎች ኃላፊዎች አዳማ ቁጭ ብለው ለእኛ ኃላፊ "የት ቀረህ?" ብለው ደውለውለታል። ዓርብ ማታ የተላከ ጥሪ ለሰኞ ስልጠና፤ ይህ የማን ጥፋት እንደሆነ ለመጠየቅ የደፈረ አልነበረም።

ኃላፊው አስጠራኝ። ስገባ እትዬ የዕለቱን ገቢ ደብዳቤ ታቅፈው ጠረጴዛው አጠገብ ቆመዋል።

"ደብዳቤ ምን ሕመም ያዘው ብለሽ ነው ለይቶ ማቆያ የምታስገቢው?" አለኝ።

"የመጣው ዓርብ ከሥራ ሰዓት በኋላ ነው። ዛሬ ጠዋት እንዳየሁት..."

"የመንግሥት ደብዳቤ የማፈን ሥልጣን ማን ሰጠሽ? ዛሬውኑ አንሺው።"

"ከተነሳ ቫይረስ ይገባል። አንዴ ከገባ ደግሞ ሁሉም ወረዳ ይደርሳል።"

"አንቲቫይረስ አለሽ አይደል እንዴ? የማይሠራ ከሆነ ለምን ተገዛ?"

ጥርሴን ነክሼ "እንግዲያው በደብዳቤ ይዘዙኝ" አልኩት።

ወደ ኋላ ተደግፎ አየኝ። "እኔ ስናገር ትእዛዝ አይደለም? ደግሞ የቋሚ ቅጥር ጥያቄሽ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው። አብረን መሥራት የምትችይ ሰው መሆንሽን ልወቅ።"

ይህን ሲል ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም፤ እትዬ እንደ ግድግዳ ተቆጥረው ቆመዋል። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዙኝ። "የቃል ትእዛዝ ቁጥር የለውም፣ ኢንተላ ኮ። በቃል እንደታዘዝሽ አጭር ማስታወሻ ጻፊና አምጪልኝ፤ እኔ ቁጥር እሰጠዋለሁ። ነገ የሚመጣው አይታወቅም" አሉኝ። እኔ ግን ያ "ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው" ያለው ጆሮዬ ውስጥ ነበር። "ይቅር፣ እትዬ" አልኳቸው። ከምሳ በፊት ማቆያውን አነሳሁት።

አሁን የምጽፈው የአንዲት ቢጫ መስመር ነገር ግን የኃላፊው ጥፋት አይደለም። እሱ የእኔ የራሴ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚሞላበት አዲስ ቅጽ ልኮልን ነበር። ቅጹ ሲከፈት ከላይ ቢጫ መስመር ይመጣል፤ እሷ ላይ ያለው ቁልፍ ካልተጫነ ቅጹ አይሠራም። ያቺ መስመር ማስጠንቀቂያ ናት። እዚህ ፋይል ውስጥ የተደበቀ ፕሮግራም አለ፣ የላከውን ካላመናችሁ አትፍቀዱለት ነው የምትለው። ይህንን ማስረዳት ነበረብኝ። ሪፖርቱ በሚደርስበት ሳምንት ግን ከጌዶ ይደወላል፣ ከሸነን ይደወላል፣ ከአጠገብ ቢሮ ይጠራል፤ ሁሉም "አልሠራ አለ" ነው የሚለው። ሰለቸኝ። "ቢጫ ከመጣ ተጫኑ፣ አለቀ" አልኩ። ለእያንዳንዱ ደዋይ እንዲያ አልኩ። እትዬ በቁራጭ ወረቀት "ቢጫ ከመጣ መጫን" ብለው ጽፈው ኮምፒውተራቸው ጠርዝ ላይ ለጠፉት። ሳልፍ ሳገድም አየው ነበር። አላነሳሁትም።

ማቆያው ከተነሳ ወር ሳይሞላው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ለመዝገብ ቤት ኢሜይል መጣ። የላከው አዲስ አበባ ያለ፣ እትዬ ለዓመታት የተጻጻፉት መሥሪያ ቤት ነው። አድራሻው ትክክለኛው አድራሻ ነው። ከሥሩ ከወራት በፊት የተለዋወጥነው እውነተኛ ደብዳቤ አለ። ለካ እዚያ ያለ ኮምፒውተር ተይዞ፣ ቫይረሱ የድሮ ደብዳቤ እየመዘዘ በእሱ ላይ መልስ እየጻፈ ራሱን ይልካል። ጽሑፉ አንድ መስመር ናት፤ አስቸኳይ መሆኑንና ዝርዝሩ መያያዙን ትላለች። እንዲህ ያለውን ኢሜይል እኔ ራሴ ብሆን እከፍተው ነበር። ይህንን አምኜ ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

እትዬ አባሪውን ከፈቱት። ቢጫዋ መጣች፤ ተጫኗት። ከዚያ በኋላ የመጣው ባዶ ገጽ ነበር። ባዶውን ገጽ ፕሪንት አደረጉት። ማህተሙን መቱበት፣ ቁጥር ሰጡት፣ ገቢ ሆነ። ይዘውት ወደ ኃላፊው ገቡና "ዝርዝሩ አይታይም" አሉት። እሱ ስልክ ላይ ነበር። ስልኩን በትከሻው ይዞ ባዶው ወረቀት ጠርዝ ላይ "ለሁሉም ወረዳዎች በአስቸኳይ ይተላለፍ" ብሎ ጻፈና ፈረመ። ያንን ወረቀት በኋላ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ማህተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ የኃላፊው ፊርማ አለው፤ ሌላ ምንም የለበትም። ንጹሕ ነጭ ወረቀት አንብቦ መራው። እትዬም እንደተመራላቸው ኢሜይሉን ከነአባሪው ለሁሉም ወረዳዎች አስተላለፉ።

እኔ በዚያ ሰዓት ለእሱ ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ፕሮጀክተር እያገናኘሁ ነበር። መጀመሪያ የደወለው የጌዶው ባልደረባዬ ነው። "ፋይሎቼ ስማቸው ተቀያየረ፤ አንዱም አይከፈትም" አለኝ።

"ምን ከፍተህ ነበር?"

"ከእናንተ የመጣውን ደብዳቤ። ቢጫዋ መጣች፣ ተጫንኳት፤ አንቺው እንዳልሽን።"

ስልኩን ዘጋሁት። ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሮጬ ገመዱን ነቀልኩት፤ ግን ዘግይቻለሁ። ጠዋቱን ሙሉ ስልክ ጮኸ። ሸነን ያለው ጽሕፈት ቤት የነበረው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው፤ የዓመታት ሥራው እሱ ላይ ነበር፤ ሁሉም ሄደ። የእኛ ሰርቨር ላይ የነበረ ኢሜይል በሙሉ ተቆለፈ። ግልባጭ ማስቀመጫ ዲስክ ይገዛልኝ ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ ራሱ የተቆለፈው ውስጥ ነበር። ለቀናት ሁሉንም ማሽን እያጸዳሁ እንደ አዲስ ስጭን ሰነበትኩ። የኢሜይሎቹን ይዘት ግን መመለስ አልቻልኩም።

ያወጡን እትዬ ናቸው። አዎ፣ እሳቸው። ያ ስቄበት የነበረው፣ ያማኋቸው፣ ኢሜይልን ሁሉ አትሞ ገቢ የማድረግ ልማድ። ከሰርቨሩ የጠፋው ደብዳቤ በሙሉ በቁጥሩ፣ በቀኑ፣ በቅደም ተከተሉ ሳጥኖቻቸው ውስጥ ተሰድሮ ተገኘ። ጌዶም ሸነንም የጠየቁትን ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ እያደረጉ በሚኒባስ ላኩላቸው። አንድም ቀን "አላገኘሁትም" አላሉም። ስንት ጊዜ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ይህንን አየሁ። ምስጋና የጻፈላቸው ሰው አልነበረም።

የተጻፈላቸው ሌላ ነገር ነው። በሁለተኛው ሳምንት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ተከሳሿም እትዬ ሆኑ። ምክንያቱ ቫይረሱ የገባው በእሳቸው ኮምፒውተር፣ የተሠራጨውም ከእሳቸው ኮምፒውተር ነው የሚል ነበር። ያቺ ፊርማ ያለባት ባዶ ወረቀት ቀርባለች። ኃላፊው ዓይኑን በጨው አጥቦ "እኔ የመራሁት ደብዳቤ እንጂ ቫይረስ አይደለም፤ ቫይረስ መሆኑን ማጣራት የእኔ ሥራ አይደለም" አለ። ሦስቱ የኮሚቴ አባላት አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አንዱም "ባዶ ወረቀት ደብዳቤ ነው ወይ?" ብሎ አልጠየቀም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሦስት ጎልማሳ የተማሩ ሰዎች።

እትዬን ሲጠይቋቸው "ደብዳቤ መጣ፤ ከፈትኩ፣ ገቢ አደረግኩ፣ ተመራልኝ፣ አስተላለፍኩ" ብለው መለሱ። ቢጫዋን ለምን እንደተጫኑ ሲጠየቁ "የሚሠራው እንደዚያ ነው ተብያለሁ" አሉ። ማን እንዳላቸው አልተናገሩም። "ማን አለዎት?" ተባሉ። "ሁላችንም እንዲያ ነው የምናደርገው" ብለው አለፉት። ይህን የነገረኝ የኮሚቴው ጸሐፊ ነው፤ ስሜን ለማውጣት አፋቸው አልተፈታም።

ቀጥሎ ኮሚቴው ከእኔ የቴክኒክ ሪፖርት ጠየቀ። ኃላፊው አስቀድሞ አስጠራኝ። በዚያን ቀን እንደ አባት ነበር የሚናገረው። "ሪፖርቱ ቴክኒካል ብቻ ይሁን። ቫይረሱ የት ገባ፣ ማን ከፈተው፣ በየት ወጣ፤ በቃ። አስተዳደራዊ ጉዳይ አታስገቢበት። የቅጥርሽን ነገር በዚህ ሳምንት እጨርሰዋለሁ" አለኝ። ማቆያው የተነሳበት ትእዛዝ አስተዳደራዊ ጉዳይ መሆኑ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ቫይረሱ ማክሰኞ ጠዋት በመዝገብ ቤት ኮምፒውተር በኩል መግባቱን። ፋይሉን የከፈተውና የፈቀደለት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መሆኑን። ወደ ወረዳዎች የተሠራጨው ከዚያው ኮምፒውተር መሆኑን። አንድም ውሸት የለበትም፤ ዛሬም ማንም አንድ ቃል ሐሰት ሊያወጣበት አይችልም። ማቆያ እንደነበረ አልጻፍኩም። ማን እንዳስነሳው፣ ማን እንዳነሳው አልጻፍኩም። ቢጫ ከመጣ ተጫኑ ያለችው ማን እንደሆነች አልጻፍኩም። በዚያ ሰዓት ለራሴ የነገርኩት፣ ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው፣ ከማስጠንቀቂያ አያልፍም የሚል ነበር። እያንዳንዱ ፈሪ ለራሱ የሚነግረው እንዲህ ያለ ነገር ይኖረዋል።

ከማስጠንቀቂያ አለፈ። እትዬ ከደረጃቸው ዝቅ ተደረጉ፤ የመዝገብ ቤቱንም ቁልፍ አስረከቡ። የቀሯቸውን ወራት ሌላ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ጡረታ ወጡ፤ ማኅደራቸው ውስጥ ያ የቅጣት ውሳኔ ገብቶበታል። እኔ ቋሚ ሆንኩ። ማቆያው ደግሞ "በአስቸኳይ ወደ ነበረበት ይመለስ" የሚል ደብዳቤ ተጽፎልኝ ተመለሰ፤ የፈረመው ያው ኃላፊ ነው፤ ግርጌውም ላይ ለሁሉም ወረዳዎች ግልባጭ አለው። ይህን ሁሉ አስቀድሜ የተናገርኩት አንባቢ መጨረሻው ያምር ይሆን ብሎ እንዳይጠብቅ ነው። ኃላፊውን ስሰድብ፣ ኮሚቴውን ስረግም፣ ባዶ ወረቀት የሚመራበትን አሠራር ሳወግዝ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። ሁሉም ይገባቸዋል፤ አንዱንም አልመልስም። ግን ንዴቴ ሁልጊዜ ዞሮ ዞሮ ወደዚያ ሐሙስ ከሰዓት፣ ወደ መዝገብ ቤቱ በር ይወስደኛል።

ሪፖርቱን ፈርሜ በቀጥታ ለኮሚቴው ጸሐፊ ወስጄለት ነበር። እትዬ እንዳያዩት ፈልጌ ነው። ጸሐፊው ገለጥ አድርጎ መለሰልኝ። "ቁጥር የለውም። በመዝገብ ቤት በኩል ይምጣ" አለኝ።

ሌላ መንገድ አልነበረም። ኮሪደሩን ተሻግሬ ገባሁና ሰጠኋቸው። እትዬ ሳያነቡ ገቢ የሚያደርጉት ወረቀት የለም፤ ያንንም አነበቡት። ጣታቸውን ከየመስመሩ ሥር እያስኬዱ ቀስ ብለው እስከ ፊርማዬ ድረስ አነበቡት። እኔ ቆሜ መዝገቦቹን እቆጥራለሁ።

"ጉዳዩን 'የቴክኒክ ሪፖርት ስለማቅረብ' ልበለው?" አሉኝ።

"ይበሉት፣ እትዬ።"

ጻፉት። ቁጥር ሰጡት፣ ቀኑን ሞሉ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ቆመ።

"አባሪ አለው?"

ደብዳቤ ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። ሁልጊዜ ግን ዓይናቸው መዝገቡ ላይ ሆኖ ነበር የሚጠይቁት። ያን ቀን ቀና ብለው አዩኝ። ማቆያው ሲነሳ እዚያው ክፍል ውስጥ ቆመው ነበር። ቢጫዋንም ከማን እንደሰሙ ያውቃሉ። ሪፖርቱ ምን እንደጎደለው ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አልተቆጡም። አንድ ገጽ ረስቶ ቦርሳውን የሚፈትሽ ባለጉዳይ እንደሚጠብቁ ጠበቁኝ። "አለው፣ ነገ ጠዋት አመጣለሁ" ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።

"የለውም" አልኳቸው።

"የለም" ብለው ጻፉ። ማህተሙን መቱና ወረቀቱን ይዘው ራሳቸው ለኮሚቴው ወሰዱት።